«ለአማኝ ሴት የሚከራይ ቤዝመንት»

አሜሪካ ውስጥ የሀበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች መካከል ይህቺ አትጠፋም፦ «ለአማኝ ሴት የሚከራይ ቤዝመንት፤ መግቢያው ለብቻው፤ የማታጨስ»። ማተቧን ያሰረች፣ የሁዳዴን 55 ቀን ሳታጓድል የምትጾም ልጅ ትደውላለች።

«አማኝ ነሽ?»
«አዎ።»
«የትኛው ቸርች ነው የምትሄጂው?»
«ማርያም።»

ትንሽ ዝምታ። ከዚያ «ይቅርታ እህቴ፣ ክፍሉ ተይዟል»። ወረቀቱ ግን በሳምንቱም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የምትሰግደዋማ ማስታወቂያውን አንብባ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መልሳዋለች። ከአከራይዋ ጋር ፈጣሪያቸውን የሚያምኑ ሦስት ሴቶች፣ አማኝ ግን አንዷ ብቻ።

ሰው ከመሰሉ ጋር መኖር ቢፈልግ አይገርምም (የ1968ቱ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕግ የኪራይ ማስታወቂያ ሃይማኖት እንዲመርጥ ባይወድም)። የሚያበሽቀው ቃሉ ነው። ከለመነ ለማኝ፣ ከአመነ አማኝ፤ አመነ የተባለ ሁሉ የሚገባበት ሰፊ ቃል ነበር። በፕሮቴስታንቱ ወገን አነጋገር «ጌታን የተቀበለ» ማለት ሆኖ ጠበበ። ይህ አነጋገር ሀገር ቤትም አለ። ውጭ አገር ግን የአሜሪካ ወንጌላውያን «ቢሊቨር» የሚሉት ተደረበበትና ጭራሽ ሌላውን ሁሉ ከደጅ አስቀረ።

ሀገር ቤት አከራይዋ «አማኝ ነሽ?» ብላ አትጠይቅም። «የማን ልጅ ነሽ? ተያዥ አለሽ?» ነው የምትለው። ስለ ሰው እምነት የሚናገረው ጎረቤት ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም፦ «እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው»፣ «ማተብ ያለው ነው»። «ሃይማኖት የለውም» ከተባለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይስምም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን ያጥፋል፣ ብድር ይክዳል ማለት ነው። የግእዙ «ምእመን» ውስጥም ይኸው አለ፤ ያመነ ብቻ ሳይሆን የታመነ፣ የሚታመን። አማኝ ነኝ ማለት ለማንም ይቀላል። ታማኝነትን ግን ሌላ ሰው ነው የሚመሰክርልህ።

የኦርቶዶክሱ ወገንም በዚህ ቃል አልዳነም። የበዓል ፖስተሩን ተመልከቱ፦ «ውድ ምዕመናኖች»። ሁለት ስህተት በአንድ ቃል። አንደኛ፣ ስሩ አምነ ስለሆነ በአሌፉ «እ» ይጻፋል፤ በአማርኛ ድምፁ ስለማይለይ ዐይኑ «ዕ» ሰተት ብሎ ይገባል። ሁለቱን ለይቶ የሚጠራ ትግርኛ ተናጋሪ ቢያነብላችሁ ልዩነቱን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛ፣ «ምእመናን» ራሱ ብዙ ነው። አንድ ወንድ ምእመን፣ አንዲት ሴት ምእመንት፤ ሲበዙ ምእመናንና ምእመናት። «-ኦች» ሲጨመርበት እንደ «ካህናቶች» እና «መምህራኖች» ብዙ ላይ ብዙ ይሆናል። የባሰበት ደግሞ «አንድ ምእመናን ጠየቁኝ» ይላል።

ደግሞ ምእመን በቤተ ክርስቲያን አሠራር ካህን ያልሆነው ነው። ሰበካ ጉባኤው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች ተብሎ ሲከፈል ቄሱ አያምኑም ማለት አይደለም። ሌላው የግእዝ ቃል «መሃይምን» የደረሰበትን ደግሞ እዩ፤ የቋንቋ ሰዎች «መሃይም» የሚለውን ስድብ ከእሱ ጋር ያያይዙታል፤ አማኙ የክህነት ትምህርት የሌለው፣ ቀጥሎም ፊደል ያልቆጠረ ሆነ። ቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ብሎ ያልተጠመቀውን ካስወጣ በኋላ የሚቀረውን መጽሐፉ «ሕዝብ» ይለዋል፤ «ይ.ሕ.» የምትለዋ ምልክት ይበል ሕዝብ ማለት ናት። ውጭ አገር ይኸው ሕዝብ «አባል» ሆኗል፤ ወርሃዊ ክፍያው ካልተሟላ በጠቅላላ ጉባኤ እጅ አያወጣም።

ሙስሊሙ ዘንድ ልዩነቱ ጥርት ያለ ነው። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 14 ላይ ዘላኖቹ «አምነናል» ሲሉ፣ ገና እምነት ልባችሁ ስላልገባ «ሰልመናል» በሉ ይባላሉ። ሙስሊምነት አንድ ደረጃ፣ ሙእሚንነት (አማኝነት) ከዚያ በላይ፤ ስለዚህ ሰው ራሱን ቸኩሎ ሙእሚን ብሎ አይሾምም። እስራኤል ያለው ወገናችን ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በዕብራይስጥ «ማአሚን» (አማኝ) ለስለስ ያለው ቃል ነው፤ ሰንበትን በደንቡ የሚጠብቀው «ዳቲ» ይባላል፤ «ማአሚን ነኝ፣ ዳቲ ግን አይደለሁም» የሚል ሞልቷል። ግእዙም፣ ዐረብኛውም፣ ዕብራይስጡም ከዚያው ከአ-ም-ን ነው የቀዱት።

ጉዳቱ ከቤዝመንት ኪራይ የሚያልፍበት ቦታ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ነው። አመልካቹ «አማኝ በመሆኔ» ይላል፣ አስተርጓሚው «ቢሊቨር» ብሎ ያሳልፈዋል፣ ጠያቂው ሰነዱ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ስም ያይና «የምን አማኝ?» ይላል። እዚያ ወንበር ላይ የእምነቱን ስም፣ የጸሎት ቤቱን ስምና የተጠመቁበትን ቦታ መጥራት ነው። ኦርቶዶክስ «ምእመናን» ሲተረጎምም «ቢሊቨርስ» ሳይሆን «ዘ ፌይዝፉል» ይሻላል፤ ያመነውንም የታመነውንም ይይዛል።

የግድግዳዋም ወረቀት «ለጴንጤ ሴት» ብትል ይበቃት ነበር። ቃሉ ድሮ ስድብ ነበር፤ ዛሬ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይሉታል። ማርያም የምትሄደዋም በከንቱ አትደውልም።