የእርሻ ልጆችስ?

«የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የት ደረሱ» የሚለው ጽሑፋችሁ ደስ ይላል። ግን ውጭ ሄዶ ዶክትሬት የያዘና ባንክ የገባ ብቻ ነው እንዴ ሰው የሆነው? የግቢው ሥር እኮ እርሻ ኮሌጅ ነው! እኔ ገና «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» እየተባለ ነው የጨረስኩት። የዶርም ጓደኛዬ ዛሬ ይርጋለም አካባቢ የአቮካዶ ችግኝ ያዳቅላል። የሃስ ዝርያ ቅርንጫፍ በምላጭ ሹል አድርጎ ይቀርጽና ከአገሬው ችግኝ ግንድ ላይ ሰክቶ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። እጁን ብታዩ ቀዶ ሐኪም ነው የምትሉት። ሌላዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ ነበር። በ2014 አጎዋ፣ ያ አሜሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል፣ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥ ከሥራ ወጣች። አሁን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሳለች፣ ከድሮ ደሞዟ የተሻለ ታገኛለች። እስቲ በሚቀጥለው እነሱንም ጠይቁልን። አገናኛችኋለሁ፤ እሷ ግን እሁድ ስልክ አታነሳም፣ ገበያ ነው።