ሦስት ተማሪ፣ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ የካውንስል ታክስ ቢል

እንግሊዝ አገር አንድ ሠራተኛና ሦስት ተማሪዎች በደባልነት አንድ ቤት ተከራዩ እንበል። የአራቱም ስም ኮንትራቱ ላይ አለ። ተማሪዎቹ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ስለሆኑ ለካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ ለሚከፈለው ዓመታዊ ግብር) አይቆጠሩም። ሠራተኛው ይቆጠራል። ስለዚህ ቢሉ 25 በመቶ ተቀንሶለት በሠራተኛው ስም ብቻ ይመጣል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ገንዘቡን ሠራተኛው ብቻውን ይቻለው ወይስ አራቱም ይካፈሉት? የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሌላው የማስተርስ ተማሪ ነው። አብረው አይኖሩም። ባይኖሩም ደግ ነው።

ሠራተኛዋ፦

መቼም ስለ ገንዘብ ማውራት ያሳፍራል። ሀበሻ ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዘይቱን ማን ጨረሰው ብሎ መጠየቅ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። ለዓመታት አፌን የዘጋሁት ለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ልናገር።

የምኖረው ከሦስት ተማሪዎች ጋር ነው። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ በዚህ አላማቸውም። ኪራዩን ለአራት እንካፈላለን። መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ ዋይፋይ፣ ሁሉም ለአራት። የሽንት ቤት ወረቀት እንኳ ተራ አለው። መጋቢት ላይ የካውንስሉ ፖስታ ሲመጣ ግን ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። "እኛ እኮ ተማሪዎች ነን።"

ሒሳቡን እንየው። ቤቶች እንደ ዋጋቸው ከኤ እስከ ኤች ባንድ (የግብር ደረጃ) ይሰጣቸዋል፤ የእኛ ባንድ ዲ ነው። በ2025/26 የእንግሊዝ አማካይ የባንድ ዲ ቢል 2,280 ፓውንድ ነበር። እሱን እንያዝ። ሩቡ ሲነሳ 1,710 ይቀራል። በአሥር ወር ሲከፈል በወር 171 ፓውንድ መሆኑ ነው። አንድ ሙሉ ናይት ሺፍት አድሬ፣ ከደመወዜ የሚቆረጠው ተቆርጦ፣ ያቺ ገንዘብ አትሞላም። ለአራት ብንካፈላት ግን በሰው 42 ከ75 ሳንቲም ናት። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ የኛ ሰዎች። እኔ አራት ሎሚ ነው የተሸከምኩት፤ ሦስቱ የኔ አይደሉም።

ማክሰኞ ጠዋት የሚመጣው የቆሻሻ መኪና ደግሞ "ይሄ የተማሪ ፌስታል ነው" ብሎ ጥሎ አይሄድም። ሁላችንም እንጥላለን፣ የሁላችንም ይነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅናሹ እንዲያው በራሱ አይመጣም። ማመልከት ያስፈልጋል፤ ካውንስሉም ተማሪ ስለመሆናቸው ማስረጃ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ልጆች ደብዳቤያቸውን ወዲያው አመጡ። ሦስተኛው "ነገ አመጣለሁ" ሲል ጥር ገባ። የእሱ ማስረጃ ስለሌለ በካውንስሉ ዓይን እሱና እኔ ሁለት አዋቂዎች ነን፤ ስለዚህ ሙሉውን ቢል ስከፍል ከረምኩ። በኋላ ተስተካከለልኝ። ቢሆንም አምስት ወር ሙሉ የማልበላውን ዕዳ ስቀልብ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ተማሪው፦

እህቴ፣ ስለ ደብዳቤው እርስዎ ትክክል ነዎት። ከዩኒቨርሲቲው ፖርታል ላይ ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ይወርዳል። ያ ልጅ ይቅርታ ሊጠይቅዎት ይገባል። በቀረው ግን አልስማማም።

ካውንስል ታክስ የቤት ግብር ነው ሲባል እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ቃል በቃል ግማሹ። ሲሰላ ግማሹ ለቤቱ ነው፣ ግማሹ ውስጡ ለሚኖሩት ሰዎች። ቤቱ ውስጥ ሁለት አዋቂ አለ ተብሎ ይነሳል። የሚቆጠረው አንድ ብቻ ከሆነ ሩቡ ይቀነሳል። ተማሪ ስለማይቆጠር በእርስዎ ቤት የተቆጠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያንኑ ቤት ብቻዎን ቢከራዩት ስንት ይከፍሉ ነበር? 1,710። ከሦስት ተማሪ ጋር ሲኖሩስ? 1,710። እኛ በመኖራችን አንድ ሳንቲም አልጨመረም። በተቃራኒው ይዩት። እርስዎ ባይኖሩ ቤቱ በሙሉ የተማሪ ስለሚሆን ቢሉ ዜሮ ነበር። እንግዲህ ዕዳውን ይዞ የገባው ማነው?

ክፉ እንዳይመስልብኝ። ሕጉ የደረሰበትም እዚሁ ነው። በማርጋሬት ታቸር ጊዜ ፖል ታክስ የሚባል የነፍስ ወከፍ ግብር ነበር። ተማሪም 20 በመቶውን ይከፍል ነበር። በ1990 ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ሕዝቡ የተነሳበት እሱ ነው። በ1993 በካውንስል ታክስ ተተካ፤ ተማሪም ከቆጠራው ወጣ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ቢሆንም አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። ኮንትራቱ ላይ አራት ሰው ካለ ካውንስሉ ለሠራተኛው ዕዳ ተማሪውን ይዞ ሙሉውን መጠየቅ ይችል ነበር። ይህን ፓርላማው በ2003 ባወጣው ሕግ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ካልሆነ ሰው ጋር እኩል ተከራይ የሆነ ተማሪ በዕዳው አይጠየቅም። ተረስቶ የቀረ ነገር ቢሆን ኖሮ እንነጋገርበት ነበር። ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ሕግ አውጪው ያነሳልኝን ሸክም ወጥ ቤት ውስጥ መልሰው ሊያሸክሙኝ ነው?

በተማሪ ቪዛ የመጣነው ደግሞ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አንችልም። እርስዎ ሲጨንቅዎት ተጨማሪ ሺፍት ይይዛሉ። እኔ ብይዝ ቪዛዬን አጣለሁ።

ሠራተኛዋ፦

በመጀመሪያ "እርስዎ" እያልክ አታስረጀኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

"ያንኑ ቤት ብቻሽን ብትከራዪው" አልክ። ወንድሜ፣ እኔ ብቻዬን ሆኜ አራት መኝታ ቤት ምን ልሠራበት? ብቻዬን ብሆን አንዲት ስቱዲዮ ነው የምገባው፤ ባንድ ኤ። የባንድ ኤ ቢል የባንድ ዲ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 1,520 ማለት ነው። ብቻዬን ስለሆንኩ ሩቡ ሲነሳ 1,140። አሁን የምከፍለው 1,710 ነው። ልዩነቱ 570 ፓውንድ። ያ ትልቅ ቤት ያስፈለገው ለእናንተ ክፍል ነው እንጂ ለእኔ ምቾት አይደለም።

ሌላም አለ። "አንድ ሳንቲም አልጨመርንም" ስትል ከማን ጋር አወዳድረህ ነው? ከሦስቱ ተማሪዎች የአንዱ ክፍል ላይ አንዲት ነርስ ትግባ። ሁለት የሚቆጠሩ ሰዎች ስላሉ ቅናሹ ይቀራል፤ ቢሉ 2,280 ይሆናል። ከነርሷ ጋር ለሁለት ስንካፈል ለኔ 1,140 ይደርሰኛል። አየህ? ቅናሹን አጥቼ እንኳ 570 ፓውንድ አተርፋለሁ። ያችው 570 በሌላ በር ተመልሳ መጣች። ታዲያ ሦስተኛው ተማሪ ለኔ በነጻ ነው የሚኖረው?

ስለ ድህነቱም እንነጋገር። ተማሪ ነጻ የሆነው ስለቸገረው ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን አይደለም። አባቱ ኪራዩንና የትምህርት ክፍያውን አንድ ላይ የሚልክለት ልጅም ነጻ ነው። ፒኤችዲ የምትሠራ ልጅ አውቃለሁ። ባሏ በእሷ ቪዛ መጥቶ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ሰዓት ይሠራል። ቪዛው የመንግሥት ድጎማ ስለሚከለክለው፣ ዜጋም ስላልሆነ፣ ለካውንስል ታክስ እሱም እንደ ሚስቱ አይቆጠርም። ሁለቱ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ቤታቸው ከነጭራሹ ነጻ ነው። ከኔ የተሻለ ይከፈለዋል። አልመቀኘውም፤ ሕጉ ነው። ግን "እኛ ድሆች ነን" የሚለውን ለኔ አትንገረኝ። እኔም ድሃ ነኝ፤ ልዩነቱ የኔ የሚሰላው በሥራ ሰዓት መሆኑ ነው።

ተጨማሪ ሺፍት ያልከውን ደግሞ ወገቤን ጠይቀው።

ተማሪው፦

እሺ፣ አንቺ እላለሁ። እናቴ እንዳትሰማኝ።

የነርሷን ሒሳብ አላሰብኩትም ነበር። ቁጭ ብዬ ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው። የስቱዲዮው ግን ጎደሎ ነው። ካውንስል ታክሱን ብቻ ነጥለሽ አየሽው። ለንደን ውስጥ የስቱዲዮ ኪራይ ስንት ነው? ከኛ ጋር ስለምትኖሪ በኪራይ የምታተርፊው ገንዘብ 570 ፓውንዱን በአንድ ወር ተኩል ይመልሰዋል። ደባል ስትሆኚ የሚቀነስልሽም የሚጨመርብሽም አለ። የሚቀነሰውን ኪስሽ ከተሽ የሚጨመረውን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት አይሆንም።

ደግሞ መርሁን እንጂ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የምከራከረው። እኔም ቀምሼዋለሁ። አምና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ትንሽ ፍላት ተከራይተን ነበር። ሁለታችንም ተማሪዎች ስለነበርን ቢል የሚባል አልነበረም። ከዚያ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሥራ አግኝቶ ከሊድስ መጣ። ቤት እስካገኝ ሳሎን ልተኛ አለ። የሰፈር ልጅ ነው፣ ምን ይባላል? ሁለት ሳምንት ያለው አምስት ወር ሆነ። ደብዳቤው፣ ባንኩ፣ ሁሉም ነገር በኛ አድራሻ መጣ። ካውንስሉም አወቀ። ቤቱ የተማሪ ብቻ መሆኑ ቀረና ቢሉ መጣ። በማን ስም መሰለሽ? በኛ! ኮንትራቱ ላይ እሱ የለም፤ ተከራዮቹ እኛ ነን። እኩል ተከራይ የሆነ ሠራተኛ ከሌለ ያ የ2003 ሕግ ተማሪውን አያድነውም። የአምስት ወር፣ 600 ፓውንድ ግድም።

ምን አደረግሁ? ሳሎን አስቀመጥኩትና "ይሄ ዕዳ በአንተ ምክንያት ነው የመጣው፤ አንተ ክፈል" አልኩት። ያልኩትን እሱ ላይም እኔ ላይም እኩል ነው የምይዘው።

ሠራተኛዋ፦

ቆይ ቆይ። ይቺን ቀስ ብለን እንያት።

እኔ ጋ ሲሆን "ሕጉ ነጻ አድርጎኛል፤ ፓርላማው አስቦበታል" አልክ። አንተ ጋ ሲሆን ሕጉ ዕዳውን በአንተ ስም ጻፈ። ያኔ ፓርላማውን ተውከውና "ምክንያቱ ማነው" ወደሚል ዞርክ። ቢሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ይክፈል ካልን የሰፈርህ ልጅ አንድ ሳንቲም ዕዳ የለበትም። አልፈርድብህም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ግን እንግዲህ ሕጉን ከክርክራችን እናውጣው። ሕጉ የሚነግረን ካውንስሉ ማንን እንደሚይዝ ነው። እርስ በርሳችን እንዴት እንደምንከፍል አይነግረንም።

የቀረው "ምክንያቱ ማነው" ነው። እኔ ደግሞ የ570ዋ ምክንያት እናንተ ናችሁ እላለሁ። በሁለት በኩል አሳይቼሃለሁ።

ለመሆኑ ያ የሰፈርህ ልጅ ከፈለ?

ተማሪው፦

400 ከፈለ። ቀሪዋን 200 እኔና ጓደኛዬ ተካፈልናት። ሰው ጨክኖ የመጨረሻዋን ሳንቲም አይጠይቅም መቼም።

አዎ፣ እየሳቅሽ እንደሆነ ይገባኛል።

እንግዲያው ይሄን ልበል። 1,710ን ለአራት የሚለውን አልቀበልም። 1,140ው ያንቺ ነው፤ የትም ብትገቢ አይቀርልሽም። ያቺን 570 ግን ለአራት ብንላት በሰው 142 ከ50 ሳንቲም ትመጣለች። ይሄን በአሥር ወር ብከፍል አልሞትም። ግን አስቀድሞ፣ ኮንትራቱ ሳይፈረም ይነገረኝ። ክፍሉን አይቼ፣ ኪራዩን አስልቼ፣ ዲፖዚት ከፍዬ ከገባሁ በኋላ መጋቢት ላይ ፖስታ ይዘሽ ብትመጪብኝ አልሰማሽም።

ሠራተኛዋ፦

ለአራት አይደለም፣ ለሦስት ነው። 570ዋን ያመጣችሁት እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ፣ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምገባባት? 190 በሰው። ይህን አልለቅም።

አስቀድሞ ይነገር ያልከው ግን ትክክል ነው። እኔ አስቀድሜ ተናግሬ አላውቅም። ይሉኝታ ይዞኝ ነው። የፈረንጅ ደባል ቢሆን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አስፈርመው ነበር፤ የኛን ልጅ "እንኳን ደህና መጣህ" ብዬ ቡና አፈላለሁ፣ ከዚያ መጋቢት ላይ እቀየማለሁ።

ነሐሴ ላይ ከሦስቱ አንዱ ኮርሱን ጨርሶ ይወጣል። የሚተካው ልጅ ቅዳሜ ክፍሉን ሊያይ ይመጣል፤ ተማሪ ነው። ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። አንደኛ፣ 190 ፓውንድ። ሁለተኛ፣ የተማሪነት ደብዳቤው እስከ ጥቅምት እጄ ላይ ካልገባ የሚጨመረውን ቢል የሚከፍለው እሱ ነው። ካልተስማማ ክፍሉን ለነርስ አከራየዋለሁ። ቡናውን ከዚያ በኋላ አፈላለሁ።