የስንት ሰው ድንኳን?

ሀዋሳ ውስጥ ድንኳን የሚገዛ ሰው ብዙም አይታይም። ይከራዩታል፣ ካልሆነም ከእድር ያወጡታል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ "ድንኳን ልገዛ ነው" ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምነው? ማን ታሞ ነው?" ተብሎ ነው። "ኧረ ሁሉም ደህና ነው፤ ለሽርሽር ነው" ካለ ደግሞ የታመመው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

እኔ የምለው በመኪና ተጭኖ የሚሄደውን የቤተሰብ ድንኳን ነው። ሐይቅ ዳር ትተክለዋለህ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ታድርበታለህ፣ ጠቅልለህ ትመለሳለህ። ቦታ እንደሆነ አይጠፋም። ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን ካለፍክ ላንጋኖ አለልህ። ወንዶ ገነት ከነፍል ውሃው ቅርባችን ነው። "እዚሁ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ብንተክልስ?" ያለም ነበር። ፍቅር ሐይቅ ላይ ድንኳን ብትተክል ግማሹ ከተማ ባዛር መስሎት ይሰለፋል። ራቅ ብለህ ከተከልክ ደግሞ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውሃ የሚወጣ ጉማሬ አለ። ጉማሬ በቀጠሮ አይመጣም።

ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ድንኳን የሚሸጠው በሰው ልክ ነው። ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10 ይባላል። ይሄ ቁጥር የሚጠቅመው ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ቁጥሩን የሚያወጡት አምራቾች ሰውን የሚያስተኙት ጎን ለጎን ነው። ትከሻ ለትከሻ፣ ያለ ሻንጣ፣ ያለ ጫማ፣ ያለ ጀሪካን። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። በዚህ ስሌት የተኛ ሰው መገላበጥ ቢያምረው ከግራና ከቀኙ ጋር ተመካክሮ ነው። ለዚህ ነው የለመዱት ሰዎች "ከተጻፈው ላይ ሁለት ቀንስ" የሚሉት። ባለ 8 የተባለው በምቾት የሚያሳድረው 6 ሰው ነው።

ይሄም ቢሆን ለእነሱ ነው። የእኛ ሰው መኝታ የሚለካው በሜትር ከሃያ ነው። የምንተኛው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው፤ ፍራሹም ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ አብሮን ይሄዳል። እንግዲህ አስላው። የአንድ ባለ 8 ሰው ድንኳን ወለል 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ነው እንበል። የሜትር ከሃያ ፍራሽ ጎን ለጎን ሦስት ይገባበታል። የሚተርፈው 60 ሴንቲ ነው። እዚያ ላይ አንድ ሰው ይተኛል፤ እሱም ከቤተሰቡ መሀል ቀጭኑና ይሉኝታ ያለው ተመርጦ። ከእግር በኩል ሜትር የምታህል ቦታ ትቀራለች። እሷ ለሻንጣ፣ ለጫማ፣ ለድፎ ዳቦውና ሌሊት ሽንት ቤት ለሚመላለሰው ሕዝብ ነች።

ግን ከፍራሹ በፊት "ስንት ነን?" የሚለው ጥያቄ አለ። ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው።

በወረቀት ላይ ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆች ነን። አምስት። ሌላ አገር ቢሆን ባለ 8 ገዝተህ ተንደላቀህ ትሄዳለህ። እኛ ቤት ግን አምስት ሆነን ፎቶ እንኳን ተነስተን አናውቅም። አማቴ አሉ። አማቴን ትቶ መሄድ ይቻላል፤ የሚከብደው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ከይርጋለም መጥታ እኛ ጋ ሆና የምትማር የባለቤቴ እህት ልጅ አለች። እሷን ትተን ከሄድን ወሬው እኛ ላንጋኖ ሳንደርስ ይርጋለም ይገባል። ሠራተኛችን አለች። እሷ ከሌለች ለባለቤቴ ሽርሽር የሚባለው ወጥ ቤቷን ወደ ሐይቅ ዳር ማዛወር ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ አለ። "ድንኳን መትከል ለእኔ ተዉት" ብሏል፤ እሱ የተከለው ግን የሰርግ ድንኳን ነው። ትልቁ ልጄ ጓደኛውን ካላመጣሁ አልሄድም ብሏል። የጓደኛው እናት ደግሞ ልጇን ለብቻው ማታ አስወጥታ አታውቅም። እሷም ትመጣለች ማለት ነው።

ዝርዝሩን ይዤ አማቴ ፊት ቀረብኩ።

"እማማ፣ ስንት ሰው እንበል?"

"ምኑን?"

"የሚሄደውን።"

"ሰው እንደ በግ ይቆጠራል እንዴ? የመጣው ይምጣ። ሆድ ካገር ይሰፋል።"

"ሆድስ ይሰፋል እማማ። ድንኳኑ ነው የማይሰፋው።"

"እንግዲያው ሰፋ ያለ ግዛ!"

መጠኑ በዚህ ተወሰነ። ባለ 10።

እዚህ ላይ አማቴ አልተሳሳቱም። ድንኳን መምረጥ ማለት ማን ይቅር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ይቅር የሚለውን ነገር አፍ አውጥተን መናገር አንችልበትም። የሰርግ ጥሪ ላይ "ከነቤተሰብዎ" ብለን የምንጽፈው ለምን ይመስልሃል? ቁጥር ላለመጻፍ ነው። ሚኒባስ ላይ የሚጭነው የሰው ልክ ተጽፏል፤ ረዳቱ ግን "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ ሕዝቡም ይጠጋል። ድንኳን ግን ረዳት የለውም። አሥረኛው ሰው ከተኛ በኋላ ዚፑ አይዘጋም፤ በቃ።

አጎቴ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ቅር አላቸው። "መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ድንኳን በነፃ ተቀምጦልህ ብር ታወጣለህ?" አሉኝ። እውነት ነው፣ የእድሩ ድንኳን ሸራው ወፍራም ነው፣ ምሰሶው ብረት ነው፣ ዘመን አይበግረውም። ግን እሱን ለማጓጓዝ ኢሱዙ ያስፈልጋል። ወለልም የለው። ዋናው ደግሞ መረብ የለውም። የምንኖረው ወባ ባለበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የእድር ድንኳን ሐዘንተኛ ያስጠልላል እንጂ ትንኝ አይከለክልም። ለካምፕ የተሠራው ግን በሩም መስኮቱም ባለ መረብ ነው፤ ወለሉ ከግድግዳው ጋር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ይህን ሳስረዳቸው አጎቴ "እና ከአልጋ አጎበር በምን ይለያል?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ቅርጹም ሌላ ክርክር ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከላይ ድቡልቡል ያለው፣ ነፋስ በላዩ አንሸራቶ የሚያሳልፈው ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ጎንበስ ብለህ ነው የምትገባው። ሁለተኛው ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ የቤት ቅርጽ ያለው ነው። መሀሉ ላይ ቁመቱ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ቆመህ ሱሪ ትለብሳለህ። እኔ በነፋሱ ምክንያት ወደ መጀመሪያው አድልቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሐይቅ የሚነሳውን ነፋስ የሀዋሳ ሰው ያውቀዋል፤ ላንጋኖም አይሻልም። ባለቤቴ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "እማዬን በጉልበትሽ ግቢ ልትላት ነው?" ቀጥ ያለው ተመረጠ።

ቀጥ ያለ ግድግዳ ለነፋስ ደረቱን የሰጠ ነው። ስለዚህ አውታሮቹን ሁሉ መወጠር ግድ ነው፤ ሁለቱን ወጥሮ "ይበቃል" ማለት አይሠራም። ካስማው ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ እንዲርቅ ጋደል ይደረጋል። የሐይቅ ዳር አሸዋ አጭር ካስማ አይዝም፤ ረጅሙን መግዛት ነው፣ ወይ ማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ መቅበር። የዘንጉ ነገርም አለ። ፋይበሩ ርካሽ ነው፤ ሲሰበር ግን ተሰንጥቆ ነው። አሉሚኒየም ቢጎብጥም ይቃናል። ብረት ምንም አይሆንም፤ የሚሸከመው ሰው ወገብ ነው የሚሆነው።

ዝናቡን በተመለከተ ሻጮች "ውሃ አያስገባም" ይላሉ። ውሃ አያስገባም ያልተባለ ድንኳን አይቼ አላውቅም። የሚታየው ቁጥሩ ነው። ጨርቁ ላይ የቆመ ውሃ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ማስረግ ይጀምራል የሚል ልኬት አለ። ለጣሪያው 1,500 መነሻ ነው፤ ሰው ለሚረግጠውና ለሚተኛበት ወለል 3,000ና ከዚያ በላይ ይሻላል። ስፌቱ ከውስጥ በፕላስተር መታሸጉንም ማየት ነው፤ ውሃ ቀድሞ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ነው። ከመረቡ በላይ ሌላ ልብስ የሚደረብበት፣ ማለትም ድርብ የሆነው ይመረጣል። አሥር ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ያድራል። ትንፋሹ መውጫ ካጣ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ጠዋት ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ "አፈሰሰ" እየተባለ ሻጩ ይሰደባል።

ወንድሜ ደግሞ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ባሌ ባሌ ይላል። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ 1,700 ሜትር ላይ ተቀምጠን ጥቅምት ሲገባ ጋቢ የምንደርብ ሰዎች ነን። ለላንጋኖ ሙቀት ተብሎ የተገዛ፣ ግማሹ መረብ የሆነ ድንኳን እዚያ ሲተከል ምን እንደሚሆን ለሱ ትቼለታለሁ።

ትላልቆቹ ድንኳኖች መጋረጃ አላቸው። "ባለ ሁለት ክፍል" ተብለው ነው የሚሸጡት። ክፍል የተባለው በዚፕ የሚንጠለጠል ስስ ጨርቅ ነው። ዓይን ይከልላል፤ ጆሮ አይከልልም። በወዲያኛው በኩል አማቴ፣ በወዲህኛው እኔ። ማንኮራፋት የሚባል ነገር ትዳሬ ውስጥ እስካሁን በሁለት ሰው መሀል የነበረ ምስጢር ነው። ሌላም አለ። ማታ ውስጥ መብራት አብርቶ ልብስ የሚቀይር ሰው ጥላው ከውጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ለአማቴ ማን ይንገራቸው? እኔ አልነግርም። ባለቤቴም "አንተ ነህ ያነበብከው" ብላኛለች።

ቡናው ሌላ ጣጣ ነው። አማቴ ድንኳን ሲባል የታያቸው ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ከሰሉ ፈክቶ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለማሞቅም፣ ለቡናም፣ "በሩን ከፈት አድርገን" ተብሎም አይገባም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀር የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ጥላ የሚዘረጋለትን ድንኳን ፈለግን፤ በረንዳ ያለውን። ቡናው ከበረንዳውም ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ይፈላል፤ መጠጣቱ ነው ከጥላው ሥር የሚሆነው። አማቴ በዚህ ተስማሙ። "ቤት ያለ በረንዳ ምን ቤት ነው" አሉ።

ግዢው እንዲህ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶው ያምራል፤ ዋጋ ስትጠይቅ "በውስጥ መስመር" ይሉሃል። በውስጥ መስመር ስትገባ "ስንት ሰው ናችሁ?" ይሉሃል። ደግሞ እሱ ጥያቄ! ሁለተኛው መንገድ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። የአውሮፕላን ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ትልቅ የቤተሰብ ድንኳን ከነዘንጉ 15ም 20ም ኪሎ ይመዝናል። የአጎቴን ልጅ ድንኳን አምጣልኝ ማለት የአክስቴ ቫይታሚን፣ የእህቴ ጫማና የእድሩ ጸሐፊ መነጽር ቀረ ማለት ነው። እዚህም ማን ይቅር ተባለ። በመጨረሻ ድንኳኑ መጣ። አክስቴ አሁንም አታናግረኝም።

ከመሄድ በፊት አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ተክሎ ማየት ይመከራል። ዘንግ ጎድሎ እንደሆነ ላንጋኖ ላይ ከሚታወቅ እዚህ ቢታወቅ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ተከልነው። ወንድሜ እንደ ሰርግ ድንኳን ከምሰሶው ሊጀምር ብሎ ትንሽ ተጨቃጨቅን እንጂ ሌላው ሰላም ነበር። ልጆቹ ገብተው ዚፑን እየከፈቱ ሲዘጉ ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። አልቀሩም፣ በበሩ ዞረው ገቡ። ዙሪያውን ዞሩት። ጨርቁን በጣታቸው ፈተጉት። ውስጥ ገብተው በእርምጃ ለኩት።

"ይሄ ባለ ስንት ሰው ነው?"

"ባለ 10 ነው ጋሼ። ግን ሁለት ይቀነሳል። ፍራሽ ሲገባበት ደግሞ..."

"ፍራሽ ምን ያደርጋል? አግዳሚ ከገባበት ሠላሳ ሰው ይቀመጥበታል።"

"ለማደሪያ እኮ ነው ጋሼ።"

"እሁድ የልጅ ልጄ ክርስትና ነች። ያቺን መጋረጃ ብቻ እንዳታወልቃት፤ ጠላው ከጀርባዋ ይሆናል።"

አማቴ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆነው ሰምተውናል። ጎረቤት ፊት አማች ሲሳሳት ዝም አይሉም።

"ምን ሠላሳ? አርባ ነው የሚይዘው!" አሉ።