ከዘረመል ምርመራው በፊት የደም ግፊቱ ይለካ

ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት ስለሆነው አልዛይመር ሲነሳ በአብዛኛው የሚወራው በአንጎል ውስጥ ስለሚጠራቀሙት ሁለት ፕሮቲኖች፣ ማለትም ስለ አሚሎይድና ስለ ታው ነው። የአንጎላችንን ግማሽ ያህል የሚይዘውና የነርቭ ክሮች የሚተላለፉበት ነጩ ክፍል ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ተጓዳኝ ጉዳይ ሲታይ ኖሯል። ይህ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ፤ በዘር የወረስነው ተጋላጭነትና ከደም ሥር ሕመም የሚመጣው ጉዳት ጎልተው ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነውና።

ነጩ ክፍል መልኩን ያገኘው ማይሊን ከተባለው፣ የነርቭ ክሮችን ከሚሸፍነው ቅባታማ ልባስ ነው። ማይሊን ሲጎዳ መልእክት ከአንዱ የአንጎል አካባቢ ወደ ሌላው የሚደርሰው እየዘገየ ነው። ልባሱን የሚሠሩት ሕዋሳት ብዙ ኮሌስትሮል ያስፈልጋቸዋል፤ በአንጎል ውስጥ ኮሌስትሮልን ከሚያመላልሱት ዋነኛው ደግሞ አፖኢ የተባለው ፕሮቲን ነው። አፖኢ 4 የሚባለው የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ዓይነት ከአልዛይመር ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በ2022 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን አሳይቷል፦ አፖኢ 4 ባላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ማይሊን ሠሪዎቹ ሕዋሳት ለልባሱ ሊያውሉት የሚገባውን ኮሌስትሮል በውስጣቸው አከማችተው ተገኝተዋል፤ ማይሊናቸውም አንሶ ታይቷል።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ከወላጅ በቀጥታ በሚወረሰው ብርቅ የአልዛይመር ዓይነት ላይ የተደረገ ጥናት፣ የሕመሙ ምልክት ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ጊዜ 6 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በኤም.አር.አይ ምስል ላይ የነጩ ክፍል ጉዳት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ገልጿል። እነዚህ ሰዎች በብዛት ገና ጎልማሶች ስለሆኑ ለውጡን በእርጅና ብቻ ማመካኘት ያስቸግራል።

ሆኖም በአረጋውያን ምስል ላይ የሚታዩት ተመሳሳይ የጉዳት ነጠብጣቦች ሁሉ የዘር ውጤት ናቸው ማለት ስህተት ነው። አብዛኞቹ የሚመጡት ከትናንሽ የደም ሥሮች መጎዳት ሲሆን፣ ከመንስኤዎቹም ቀዳሚው የደም ግፊት ነው። ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት በ2019 እንዳመለከተው፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ120 በታች እንዲወርድ የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች ብቻ እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ የነጩ ክፍል ጉዳታቸው የጨመረው ባነሰ መጠን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ሙሉ የመርሳት በሽታን በተመለከተም ጥናቱ በቂ ማስረጃ አላስገኘም። ቢሆንም ዘረመሉን መቀየር አይቻልም፤ ግፊቱን መቀነስ ግን ይቻላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ለአልዛይመር ተጋላጭነት የሚደረግ የቤት ውስጥ የዘረመል ምርመራ ለሕዝብ እንዲሸጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ በዚያ የሚኖር ወገናችንም ምራቁን በፖስታ ልኮ ውጤቱን በስልኩ መቀበል ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ግን ማን ያስረዳው? አንድ አፖኢ 4 ያለው፣ ማለትም ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ሰው ተጋላጭነቱ 3 እጥፍ ገደማ ነው የሚለው ስሌት በዋናነት የተገኘው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን በሚኖሩ ዮሩባዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ እንደተገኘ አሳይተዋል። ስለዚህ ያንን አኃዝ እንዳለ ወስዶ ለአንድ ኢትዮጵያዊ መንገር ልክ አይመስለኝም፤ ሐኪሙም ከዘረመሉ በፊት ግፊቱን፣ ስኳሩንና ሲጋራ ማጨሱን ቢጠይቅ ይሻላል።

ምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልግበት ሁኔታ አለ። ሌካኔማብን የመሰሉ አሚሎይድን የሚያስወግዱ መድኃኒቶችን ለመጀመር የሚያስብ ታማሚ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ሁለት አፖኢ 4 ካለው፣ በአንጎሉ ውስጥ እብጠትና የደም መፍሰስ የመከሰት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል።