ቤት ውስጥ ማጥናትን አትናቁት

ስለ መኪና መንዳት ትምህርት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «መንዳት የሚለመደው መሪ ተይዞ ነው፤ የቲዮሪ መጽሐፍ ለፈተና ማለፊያ ብቻ ነው» ይላል። በዚህ አልስማማም።

የመንገድ ሕጉን ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ሐሳቡ አይበተንም። ያላጠናው ግን ፍሪሲዮንና ማርሽ ማስማማቱ ሳያንሰው፣ አደባባይ ሲደርስ ቅድሚያው የማን እንደሆነ ያሰላስላል። ቅድሚያው አደባባዩ ውስጥ ላለው መኪና ነው። ይህን እዚያው አደባባዩ ላይ፣ ከኋላ ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋ መማር በጣም ከባድ ነው።

ፍጥነትንም በወረቀት ማስላት ይጠቅማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። እግር ወደ ፍሬን እስኪዞር ድረስ ማለት ነው! ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን አንዴ ያሰላ ሰው ዜብራ ሲያይ ቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጥብቄ የምናገረው ለእግረኛው ስል ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ስንት ተማሪ፣ ስንት አዛውንት በእግሩ እንደሚሻገር ሁላችንም እናያለን።

እርግጥ በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ መነሳት በንባብ አይለመድም። ቅደም ተከተሉን ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ መሸምደድ ይቻላል። የእጅ ፍሬን ተይዞ አንደኛ ማርሽ ይገባል። ነዳጅ በትንሹ እየተሰጠ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። መኪናው መጎተት ሲጀምር የእጅ ፍሬኑ ይወርዳል።

ልጆቻችሁ እየተማሩ ከሆነ ማታ ማታ ጠይቋቸው። ታክሲ ሲሳፈሩም ጋቢና ተቀምጠው የመንገድ ምልክቶቹን ያንብቡ።