አይጠየፍን በእርሳስ ወይስ በካሜራ?

ሁለቱም የደሴ ልጆች ናቸው። አንዱ ሥዕል ያስተምራል፤ ሌላዋ ፎቶ አንሺ ናት። የተከራከሩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ «ታሪካዊ ቦታን የሚያየው የሳለው ሰው ብቻ ነው፤ ፎቶ ያነሳው አላየውም።»

የሥዕል አስተማሪው (ደጋፊ)

አይጠየፍ አዳራሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ኖሬያለሁ። ያየሁት ግን ባለፈው ክረምት ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይዤ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ጣቴን አደንዝዞታል። በሩን ነድፌ ስጨርስ አንድ አባት ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «በሩን አጠበብከው እኮ ልጄ! ግብር የሚገባበት በር ነው» አሉኝ። ላጲሴን አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አዳራሹን ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ ደሃ ሀብታም ሳይል፣ ማንንም የማይጠየፍ። ይህን ተማሪ ቤት ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን በሩን ሳሰፋው ነው። ካሜራ ይዤ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ምን ይሉኝ ነበር? «ለምንድን ነው የምታነሳው?»

ደግሞ ሊንዳ ሄንክል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ሙዚየም ወስዳ ነበር። ገሚሱን ዕቃ ፎቶ አነሱ፤ ገሚሱን ዝም ብለው አዩ። በማግስቱ ሲጠየቁ ይበልጥ የረሱት ፎቶ ያነሱትን ሆኖ ተገኘ። ስልኩ ይይዝልኛል ያለ ጭንቅላት ሥራ ይፈታል።

ፎቶ አንሺዋ (ተቃዋሚ)

ጋሼ፣ ጥናቱን ከመሃል ቆረጡት። ያቺው ሴትዮ እኮ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ተማሪዎች እንዳልረሱ አግኝታለች። ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን የችኮላው ነው።

ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። መትረየስ ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል። ማን ቁጭ ብሎ ይነድፋቸው ነበር? ቦምብ እየወረደ ላጲስ ፍለጋ?

ሌላው ግን ያማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሙዚየማችን ተዘረፈ። የተዘረፈ ቅርስ የሆነ ገበያ ላይ ብቅ ቢል «የኛ ነው» ለማለት ጥርት ያለ ፎቶ ይፈልጋል። ከፊት፣ ከጎን፣ ከነጭረቱ። የእርስዎ ንድፍ ቢያምርም ማስረጃ አይሆንም። በሩን አጥብበውት አልነበር?

የሥዕል አስተማሪው

አስፍቼዋለሁ እኮ እህቴ! ሙዚየሙን ካነሳሽው ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዘረፋው በኋላ ጎረቤቶቼን የድሮ ፎቶ ካላችሁ አሳዩኝ ብዬ ነበር። ስልካቸው ላይ ያገኘሁት ራሳቸውን ነው። ሰልፊ! ከትከሻቸው ኋላ መስታወት ያብለጨልጫል። ውስጡ ያለው ጋሻ ይሁን ምጣድ አይለይም።

ፎቶ አንሺዋ

እሱስ እውነት ነው። እኔም አለኝ። የአሥረኛ ክፍል ዩኒፎርም ለብሼ፣ ሁለት ጣት አውጥቼ። ከኋላዬ ያለውን ባጎላው ባጎላው ብዥ ይልብኛል።

ቢሆንም ካሜራዬን አልሰቅልም። ቅዳሜ አይጠየፍ እሄዳለሁ። የማነሳው በሩን ብቻ ነው፤ ከአጠገቡ ሜትር ዘርግቼ፣ የድንጋዩን ስንጥቅ አንድ በአንድ። እርስዎም ይምጡና ሽማግሌውን ያናግሩልኝ። እኔንማ «ለምን ታነሻለሽ» ማለታቸው አይቀርም።