በትንሽ የግል ኮሌጅ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መማር ያዋጣል?

አፈርን፣ ውሃንና ደንን መጠበቅ መማር የሚፈልግ ወጣት ጥቂት መቶ ተማሪ ብቻ ያለው የግል ኮሌጅ ቢገባ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? በሙያው የቆዩ ሁለት ባልደረቦች ተከራክረውበታል። ደጋፊዋ ሴት ናት፣ ተቃዋሚው ወንድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ያዋጣል። እኔ ራሴ የወጣሁት ከእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ነው። በገባን በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን እፍኝ አፈር በውሃ አርሶ እጄ ላይ አደረገልኝ። «በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሃል እየጨመቅሽ ግፊው» አለኝ። አፈሩ እንደ ጥብጣብ እየተሳበ ወጣና 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ተበጠሰ። «ሸክላው ትንሽ ነው» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዘኝ። «ውሃ አንሶታል፣ ጨምሪበት» አለ። ሁለተኛው ሙከራ ከ5 ሴንቲ ሜትር አለፈ። ለካ ሸክላ አፈር ኖሯል! ስህተቴን ያገኘው ወረቀቴን አርሞ አይደለም፣ እጄን አይቶ ነው። የነበርነው 11 ተማሪዎች ነን። 200 ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ማን የማንን እጅ ያያል?

ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ካርል ሼንክ በ1898 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የቢልትሞርን የደን ትምህርት ቤት ሲከፍት ትምህርት ቤቱ ትንሽም የግልም ነበር። በአሜሪካ ከዚያ በፊት የደን ትምህርት ቤት አልነበረም።

ተቃዋሚ፦ ቢልትሞርን ካነሳሽ አይቀር እስከ መጨረሻው ንገሪያቸው እንጂ። ሼንክ ትምህርት ቤቱ ያለበት ደን ባለቤት ከሆነው ከጆርጅ ቫንደርቢልት ጋር ተጣልቶ በ1909 ከሥራው ተሰናበተ። ትምህርት ቤቱ ደኑን አጥቶ ተማሪዎቹን ይዞ ከቦታ ቦታ ተንከራተተ፣ በ1913 ተዘጋ። አንድ ሰው ሲቀየም የሚፈርስ ቤት ነው የምትመክሪን? ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን የነበረው ኖርዝላንድ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ የቆየ፣ በአካባቢ ጥናት የታወቀ ነበር። በ2025 በገንዘብ እጥረት በሩን ዘጋ።

የኔ ዋና ጭንቀት ግን የሚለካው ነገር ነው። ደንና ወንዝ በአንድ ዓመት ልኬት ምስጢራቸውን አያወጡም። በኒው ሃምፕሻየር ባለው የሀባርድ ብሩክ ደን ተመራማሪዎች ከ1963 ጀምሮ የዝናቡንና የጅረቱን ውሃ ይዘት ሳያቋርጡ ለኩ። የአሲድ ዝናብ፣ ማለትም በአየር ብክለት የኮመጠጠ ዝናብ፣ በሰሜን አሜሪካ መኖሩ የታወቀው በዚያ ልኬት ነው። ቀጣዩ ሴሚስተር መከፈቱን የማያውቅ ኮሌጅ ይህን ያህል ዘመን ይለካል?

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ያን ጥናት የጀመሩት እኮ የዳርትማውዝ ኮሌጅ መምህራን ናቸው። ዳርትማውዝ ደግሞ የግል ነው።

ተቃዋሚ፦ ሀብታም ነው እንጂ! ደኑም የመንግሥት የደን አገልግሎት ነው። የሚያቆየው መሬቱን የያዘው ነው።

ደጋፊ፦ እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የትንሹ ኮሌጅ ድህነት እንደ ድሮው አያስቀርም። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ1972 ጀምሮ አሉ፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ለማንም በነፃ ናቸው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም በነፃ ነው። አንድ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ተማሪው የአንድን ተፋሰስ የብዙ አሥርት ዓመታት ለውጥ ተቀምጦ ያያል።

ተቃዋሚ፦ ከላይ ያያል። ምስሉ የተሠራበት አንዱ ነጥብ በአብዛኛው የሚሸፍነው 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ነው። ቦረቦር ሲጀምር ስፋቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሳተላይቱ እስኪያየው ድረስ እርሻው ሄዷል።

ደጋፊ፦ ለዚህ ነዋ በእግር የሚወጣ ተማሪ ያስፈልጋል የምልህ! ከኮሌጃችን ጀርባ ጅረት አለ። ዳሩ ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ እንጨት ተተክሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተን የውሃውን ከፍታ እናነባለን፣ በሰማያዊው ደብተር እንጽፋለን። እኔ ስገባ ደብተሩ አራተኛው ነበር። ዝናብ ባደረ ቁጥር ማን ቀድሞ ይውረድ ብለን እንሽቀዳደም ነበር።

ተቃዋሚ፦ ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ኮሌጁ ቢዘጋ ደብተሮቹ የት ይሄዳሉ?

ደጋፊ፦ ይህን መምህራችንን ጠይቄው አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ።